ንጉሡን ዱቡሻ ላይ ያወረድንበት ደብተር

የያዙኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከጫኖ የመጣልኝን ሙዝ ከጋሪ ላይ ሳወርድ። ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው የልጄን ስም ጠርቶ «እናቷ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩ። እዚያው ሙዙ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሥሬ ሲጨፈለቅ ይሰማኛል፤ መነሳት ግን አቃተኝ። እነሱ ናቸው ብብቴን ይዘው ያነሱኝ።

የፈለጉት ልጄን ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ተማሪ መታፈስ አልቀረም ነበርና፣ ከኮሌጁ የክፍሏን ልጆች መልቀም ሲጀምሩ ወደ ደጋ፣ ዘመድ ቤት ሰደድኳት። እሷን ሲያጡ ቤቱን በረበሩ። ያገኙት አንድ ደብተር ነው። ሰውየው ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ሊፈነዳ የደረሰ ነገር የተሸከመ ይመስለዋል።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ነበረው፤ የሰው ጀርባ ሲደገፈው ኖሮ ጠቁሯል። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሽታው የክፍሉ መስሎኝ አፍንጫዬን ስይዝ፣ ከጥግ አንዲት ወፍራም ሴት ሳቀች።

«እኔ ነኝ እህቴ፣ ግድግዳውን አትሚው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እሸጣለሁ። በምን ገባሽ?»

«በጨዋታ።»

«ካርታ?»

«አይደለም። የልጄ ጨዋታ ነው፤ የመጽሐፍ።»

«በጨዋታ! እኔ እንኳ ተቆጣጣሪ በአምባዛ ፊቱን መትቼ ነው። የኔ ይሻላል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ብርሃኑ ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ ሲገባ፣ «እስቲ ንገሪኝ፤ ሰው ያሳሰረ ጨዋታ ሳልሰማ አልወጣም» ብላ ያዘችኝ። ነገርኳት።

ልጄ ከአንድ መምህሯ የፈረንጅ ልብ ወለድ ተዋሰች። አገሩ በረዶ ነው። ንጉሡ የአገሩን ምንጭ ሁሉ በአስማት አቀዝቅዞ ቆልፎታል፤ ውሃ የሚጠጣ ለእሱ የሰገደ ብቻ ነው። ሰባት ሰዎች ይነሱበታል። ልጄ አንብባ ስትጨርስ መጽሐፉን ጨዋታ አደረገችው። ጓደኞቿ እኛ ቤት ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ከሰባቱ አንዱን ሰው ይሆናል፣ እንደዚያ ሰው ይናገራል። እሷ መንገዱን ትነግራቸዋለች፦ እዚህ በር አለ፣ እዚህ አውሬ አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ? ነገሩ ሲጠጥር የተከካ ባቄላ ይጥላሉ፤ በጠፍጣፋው በኩል ስንት እንደወደቀ ተቆጥሮ ይወሰናል። የሰዎቹ ጉልበትና ብልሃት በቁጥር ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

ጓደኞቿ ስድስት ነበሩ። «እማዬ፣ አንድ ሰው ጎደለን፤ ተቀመጪ» አለችኝ። ሙዝ ነጋዴ ሆኜ ገባሁ። ጉልበት አራት፣ ብልሃት አሥራ አንድ፣ ፍርሃት አሥራ ስምንት ብላ ጻፈችልኝ።

«ፍርሃት እንዲህ ይበዛል?» ብላት፣ «የፈራ ሰው አደጋ ቀድሞ ይሰማዋል፤ ይጠቅመናል» አለች።

እኔም ዝም ብዬ አልተጫወትኩም። እሳት የሚተፋ፣ የሚበር እንሽላሊት አለ ስትል፣ «ጫሞ ያ ሁሉ አዞ እያለን እንሽላሊት ምን ያደርግልናል?» አልኩ። አዞ ሆነ። እስከዚህ ደህና። መጨረሻው ላይ ግን ንጉሡን በሰይፍ ሊያርዱት ሆነ፤ አልወደድኩትም። በእኛ በጋሞ ሰው ሲያጠፋ፣ ትልቅ ሰውም ቢሆን፣ ዱቡሻ፣ የሸንጎው አደባባይ፣ ይወጣል። ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፣ ሰው በየተራ እየቆመ ይናገራል፣ ያጠፋው ሰምቶ ይፈረድበታል። «ዱቡሻ አውጡት። ሁላችንም ቆመን እንንገረው። ከዚያ ይውረድ፤ ምን ደም ያስፈልጋል?» አልኩ። ልጄ አጨበጨበችና ለሚቀጥለው ጊዜ ጻፈችው፦ ሰባቱ ዱቡሻ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ንጉሡን ያወርዳሉ።

ሰይፍና እሳት ቢሆን ኖሮ ተረት ነው ብለው ይጥሉት ነበር። እኔ ሰላም ያመጣሁ መስሎኝ ስብሰባ አስገባሁበት።

ዓሣ ነጋዴዋ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ከቁርሱ ንፍሮ ባቄላ መርጣ ልጣ ለሁለት ለሁለት ከፈለችና «እንጫወት» አለች። «እኔ ንጉሡን ልሁን። ሰው ማስፈራራት ተክኜበታለሁ።»

ብድግ አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንደ ካባ ጣለች። «አንቺ ሙዝ ነጋዴ! የጓደኞችሽን ስም አምጪ!»

ድምፅዋ እውነት እውነት መሰለኝና አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅስሻል? መልሺልኝ እንጂ!»

«አላውቃቸውም።»

«ውሸት! ፊትሽ ይናገራል። አላውቅም ያለ ሰው ቆይቶ ያወጣዋል፤ እኔ ስንት ደንበኛ አይቻለሁ። ሌላ በይ።»

ባቄላውን ብዙ ጊዜ ጣልን፣ ብዙ ጊዜ ተሸነፍኩ። አንዴ አሸነፍኩ፤ ያኔ «አውቃለሁ፣ አልነግርህም» ብያት ነበር። ንጉሡ ተቀመጠና «ይሄኛው ይሻላል» አለኝ።

ቀትር ሳይሆን ተጠራሁ።

መርማሪው ከበኩር ልጄ አይበልጥም። ሲጃራው ሳህን ላይ ይጨሳል፣ ደብተሩ ፊቱ ተዘርግቷል። «ጉልበት አሥራ አምስት፣ መሣሪያ ጦር» ብሎ አነበበ። «ይሄ ማን ነው?»

«የጨዋታ ሰው ነው።»

«ሴትዮ፣ ሕፃን አይደለሁም። ሰባት ሰው ተሰብስቦ ንጉሥ ሊያወርድ ስም፣ ጉልበትና መሣሪያ መዝግቧል። ንጉሡ ማን እንደሆነ ይገባኛል።»

«እርስዎ ከገባዎት እኔ ምን ልበል ጌታዬ? እኛ ቤት በረዶ ላይ የሚኖር ነበር።»

ፈገግ ሊል ነበር መሰለኝ፤ ዋጠው። «ሙዝ ነጋዴዋስ?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ፍርሃት አሥራ ስምንት ይላል።»

«ልክ ነው» አልኩ። ምን እደብቃለሁ?

አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ላዩ የእኔ ቃል ተብሎ ተጽፎ ያለቀ ነው፣ ሥሩ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር የተሰጣቸው ባዶ መስመሮች አሉት። «የሰባቱን እውነተኛ ስም ትነግሪኛለሽ፣ እሞላለሁ፣ ጣትሽን ታሳርፊያለሽ። ማታ ቤትሽ ነሽ። ልጅሽም ቀለል ይልላታል።»

ስድስቱንም አውቃቸዋለሁ። ቤቴ በልተዋል። የአንዱን ሸሚዝ ሰፍቼለታለሁ። የአያቶቻቸውን ስም ሳይቀር አውቃለሁ።

«ጽሕፈት እችላለሁ» አልኩ። «በመሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት። እኔው ልጻፈው።»

ደስ አለው። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። አንደኛው መስመር ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ዝግ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ጠበቀኝ። ከዚያ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ድረስ ከላይ ወደታች አንድ ትልቅ ሰረዝ ጎተትኩ። ቀበሌ ለስኳር ስንመዘገብ ያየሁትን ነው ያደረግሁት፤ እዚያ ባዶ መስመር የተወ ሰው፣ በማግስቱ የማያውቃቸው ልጆች ተወልደውለት ያገኛል።

«ምን አደረግሽ?»

«ሌሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አልነግርህም» አልኩ። አንተ አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። «ዱቡሻውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያንን ጻፍ። ልጄ ሰይፍ ነበር ያለችው። እዚህ ላይ የተጻፈውን ደግሞ አላልኩም፤ ስለዚህ አልፈርምም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግራ ጆሮዬ ደህና አይሰማም። ስመለስ ዓሣ ነጋዴዋ ነጠላዋን ውሃ ነክራ ጉንጬ ላይ ያዘችልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ምክንያት ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ሌላ ወረቀት አዘጋጅተው ይሆን ብዬ ስንት ወር ሰጋሁ። ከስድስቱ ግን በዚህ ነገር የተነካ አልነበረም። ልጄም ከደጋ ተመልሳ፣ አንድ ዓመት ዘግይታ ትምህርቷን ጨረሰች።

ነገሩን የነገርኳቸው ጥቂት ሰዎች ደፋር ነበርሽ ይሉኛል። አልነበርኩም። ዛሬም የደንብ ልብስ ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። የፈራ ሰው እምቢ ማለት አይችልም ያለው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ እኔ ስንቀጠቀጥ ነው ያልኩት።

ባለፈው የሰፈራችንን ቧንቧ ሊያይ አንድ መሐንዲስ መጣ። ከስድስቱ አንዱ ነው፤ ጎልማሳ ሆኗል፣ ፀጉሩ ሸሽቷል። አወቀኝና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ውሃ ሰጠሁት፤ ቆሞ ጠጣ።

«እማማ፣ ያን ጨዋታ ሳንጨርሰው ቀረን፤ ትዝ ይልዎታል? ለምን ነበር የተውነው?»

«ፈተና ደርሶባችሁ ነበር መሰለኝ» አልኩት።

ሳቀ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ስሙን ያኔ አልጻፍኩትም። እዚህም አልጽፈውም።