ከቡልቡላ እስከ ሲኤምሲ፦ የሆርሞን ሐኪሞችን ታሪክ ፍለጋ

ስኳር በሽታን የሚያክሙ ሐኪሞች ታሪካቸውን እንድጽፍላቸው ሲልኩኝ፣ ፊታቸው ተቀምጬ «እኔም ስኳር አለብኝ» ማለት ለምን አቃተኝ? መንገዱን ግን ከመነሻው እስከ መመለሻው አስታውሰዋለሁ፤ እሱን ልጻፈው።

የሆርሞን ሕመም ሐኪሞች ማኅበር ያን ጊዜ ገና ጀማሪ ነበር። እኔ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ይሰበሰቡ ነበርና አንድ ቀን ጽሑፍ እንድተይብላቸው ሰጡኝ። ስህተቱን ሁሉ አርሜ መለስኩት። ሰብሳቢው ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርገው «እንግዲያውስ የማኅበሩንም ታሪክ አንቺው ሰብስቢልን» አሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ሰው በጽሑፍ ሥራ ሲያምነኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ዶክተር አስናቀ፣ ጡረታ ወጥተው ሲኤምሲ እንደሚኖሩ ተነገረኝና በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ተነሣሁ።

ማለዳ፣ ቡልቡላ

ቦሌ ቡልቡላ ያኔ ገጠር ነበር። ከተከራየኋት ክፍል ኋላ የታጨደ የጤፍ ማሳ አለ፤ በማሳው ላይ አውሮፕላን ጎማው እስኪታይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ጎኅ ሲቀድ መርፌዬን ተወጋሁ። ይህ መርፌ ከተወጉት በኋላ መብላት ግድ ነው፤ ካልበሉ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርድና ሰውን ይጥላል። በጾም ወራት አጥሚቴን የምጠጣው ሰው ሳይነሣ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ምድጃውን ገና ስለኩስ አከራዬ እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«መንገደኛ ነኝ ብለሽኝ አልነበር? እኔም ሚካኤል ኪዳን ላደርስ ነው፤ ብቻሽን አትሄጂም» አሉ። ምድጃውን አዩና «ለምን ትለኩሻለሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ውሃ ላሞቅ ነበር፤ ለፊቴ።»

በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ዳቦ ከትቻለሁ።

እስከ ቦሌ ሚካኤል በእግር ነው። እማማ ፈጣን ናቸው፤ እየተራመዱ ያወራሉ። «ጾሙን አጠበቅሽው መሰለኝ፣ ከስተሻል። ጎበዝ ልጅ! የእኔዎቹ እንኳን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እስከ ስድስትም አይችሉም።» ምስጋናውን በባዶ ሆዴ ተቀበልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሦስት ጊዜ አማትበው «ለእኔም ጸልዪልኝ» ብለውኝ ገቡ።

ገርጂ

ከቦሌ ወደ መገናኛ ታክሲ ያዝኩ። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተቀመጥን። ዳቦውን በቦርሳዬ ውስጥ በጣቴ እነካዋለሁ። በግራዬ ያሉት እናት ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው በጸሎት ነው፤ እንዴት ብዬ ልግመጥ?

መገናኛ ወርጄ ሌላ ታክሲ ይዤ ከኢምፔሪያል ሆቴል ትንሽ አለፍ ብዬ ወረድኩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡበት ሳሎን እዚያ አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ እንደነበር ተነግሮኛል። ግቢውን አገኘሁት፤ ሳሎኑ የምስማርና የቆርቆሮ መሸጫ ሆኗል። ነጋዴውን ጠየቅኳቸው።

«ዶክተሮች?» አሉ ምስማር እየመዘኑ። «እዚህ ቤት ያለው ስድስት ቁጥርና ስምንት ቁጥር ነው። ካመመሽ ግን ፋርማሲው ማዶ ነው።»

«አላመመኝም» አልኩ ፈጥኜ።

ከግቢው ወጥቼ ግንባታው ካላለቀ ግንብ ጀርባ ቆምኩና ዳቦውን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ እንደ ጎረስኩ ከላይ ድምፅ መጣ። የግንባታው ዘበኛ ነው።

«እህቴ! ጾሙ ተፈታ እንዴ? ለእኛም ንገሪን እንጂ!»

ድንጋይ የሚያቀብሉት ሠራተኞች ሳቁ። አንዷ «ተዋት ባክህ፣ ቄስ ነህ?» አለችው። የተረፈውን ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። አንድ ቃል ብናገር ዝም ይሉ ነበር።

ሲኤምሲ

የሲኤምሲ ቤቶች አንዱ ካንዱ አይለይም፤ ተመሳሳይ አጥር፣ ተመሳሳይ በር። ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው አገኘሁት። ዶክተር አስናቀ ቀጭን፣ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከጎናቸው ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«አራት ነበርን» ብለው ጀመሩ ዶክተሩ። «እያንዳንዳችን በዚህ አገር የሆርሞን ሕመም የሚያሳስበው እኔን ብቻ ነው ብለን እናስብ ነበር። ታካሚ እንላላካለን እንጂ ፊት ለፊት አንተዋወቅም። ገርጂ የተገናኘን ዕለት መብራት ጠፋ፤ በሻማ ተከራከርን። አንዱ ‹እንቅርትንና ስኳርን ምን አንድ ማኅበር ውስጥ ከተታቸው?› አለ። አንዲት ባልደረባችን ‹ሁለቱንም ሰው ይደብቃቸዋል፤ አንዱን በሻሽ፣ አንዱን በዝምታ› አለችው። ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።»

ጻፍኩት። ፊደሎቼ መዝመም ሲጀምሩ ታየኝ።

«የመጀመሪያ ሥራችን ምን ነበር መሰለሽ? አንዲት ሴት መርፌዋን ተወግታ ጾማ ዋለች። መድኃኒቱንም አላቋረጠች፣ ጾሙንም አልፈታች። ስትወድቅ ጎረቤት ሰይጣን ነው ብሎ ጠበል ወሰዳት። ስኳር እንዳለባት በሰፈሩ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም።»

«ተረፈች?» አልኩ።

«አልተረፈችም። ያኔ ነው ታካሚዎቻችንን ሁሉ ‹ስትመጡ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ› ያልነው። ባል ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ ማንም ይሁን፤ ብቻ አንድ የሚያውቅ ሰው። ማኅበሩ የተጀመረው ከዚያ ነው ብለሽ ጻፊ።»

እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላብ በግንባሬ ወረደ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «ውይ ልጄ፣ አላበሽ! ውሃ ላምጣልሽ?» አሉና ወዲያው «ኧረ ለካ ጾም ነው» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ዶክተሩ እጄን እያዩ ነበር። «ጠዋት ምን ቀመስሽ?»

«ጾመኛ ነኝ።»

«ሌላ ነገር የለም?»

«የለም።»

በዕድሜያቸው ሙሉ ይህን ሕመም ሲያክሙ የኖሩ ሰው በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ እኔ ወረቀቴን እሰበስባለሁ። «ሌላ ቀን መጥቼ እጨርሳለሁ» ብዬ ተነሣሁ። እስከ በሩ ሸኙኝ። «ስትመጪ ብቻሽን አትምጪ» አሉኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም።

ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ባለሱቁ ኮፍያ ያደረጉ፣ ንግግራቸው የወሎ የሆነ ጎልማሳ ናቸው። ባንኮኒውን ይዤ «ለስላሳ» ብቻ አልኩ። ፊቴን አይተው ሳይጠይቁኝ ከፈቱት፤ ባዶ ሣጥንም ገልብጠው አስቀመጡኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ጠጣሁ።

«ወደኔ ዙሪ፣ አብሽሪ» አሉኝ። «እኛም ዘንድ በረመዳን ያመመው ሰው በቀን ያፈጥራል። አላህ ገር ነው እህቴ፤ ችግሩ ያለው ሰው ዘንድ ነው።»

ሳቅኩ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓለሙ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሒሳቡን ስሰጣቸው «ቤት የሚጠብቅሽ አለ?» አሉኝ። «አለ» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ከመገናኛ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ሰውን አየሁ፤ ሁሉም ከአንድ ሰው ጋር የሚያወራ መሰለኝ። ከሚካኤል ወደ ቡልቡላ ስገባ ማሳው ላይ ከእኔ ጥላ በቀር ምንም አልነበረም። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው፦ እነዚያ አራት ሐኪሞች ከመድኃኒት ሁሉ አስቀድመው ያዘዙት አንድ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ትእዛዙን በጥሩ አማርኛ ጽፌዋለሁ፤ አልፈጸምኩትም።

ወደ ሲኤምሲ ሳልመለስ ጽሑፉን ጨርሼ አስረከብኩ። ተወደደልኝ። እማማ አስካለን ያናገርኳቸው ሆሳዕና ሲቃረብ፣ በረንዳ ላይ ምስር ሲለቅሙ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና አብሬ መልቀም ጀመርኩ።

«እማማ፣ እኔ ስኳር አለብኝ። መርፌ እወጋለሁ። ጾምም አልጾምም።»

እጃቸው ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«እና ሲነሣብሽ ምን ይሰጡሻል?»

«ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። ግን መዋጥ ካቃተኝ ምንም ሳይሰጡኝ ወደ ሐኪም ቤት።»

«ስንት ማንኪያ?»

«ሦስት።»

«ሦስት» አሉ ለራሳቸው፤ እንዳይረሱት ይመስላል። ምስሩን ጥቂት ለቀሙና ደግሞ ቀና አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ በርሽን አትቀርቅሪ።»

«ሌባስ እማማ?»

«ሌባ ቢመጣ ጮኸሽ ትጠሪኛለሽ። ይኼኛው ሲመጣ በምን ትጠሪኛለሽ?»

የዚያን ዕለት በሬን ሳልቀረቅር ተኛሁ።