ሁለተኛዋ ቁራሽ

እማማ ወለተጊዮርጊስ ይህን ነገር በሕይወት ሳሉ ለማንም እንዳልተነፍስ ቃል አስገብተውኝ ነበር። አሁን እሳቸውም አርፈዋል፣ የነፍስ አባታቸው አባ መርስዔ ኃዘንም ተከትለዋቸዋል። እዚህ መንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ ወሬ ይዤ ዝም ያልኩበት ብቸኛ ጉዳይ ይኸው ነው። ስሜ ተገኘ ይባላል፤ እስከዚያ ሁዳዴ ድረስ ግን በጥፋት ተገኝቼ አላውቅም። ሁልጊዜ የሚገኘው ሌላ ሰው ነበር።

እማማ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ዳቦ ሲደፉ ሽታው መንገደኛ ያስቆማል። ከነዳጁ ወፍጮ ቤት የሚመጣ ዱቄት ግን አይዋጥላቸውም። «እኔ የምጋግረው የራሴን ስንዴ አይደለም፤ ከፊቴ ያስፈጨችውን ሴት ባቄላ ነው» ይሉ ነበር። በድንጋይ እንዳይፈጩ ደግሞ ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጃቸው ጽናት ይህን ሰምታ በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ከመርካቶ የእጅ ወፍጮ ላከችላቸው። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ በእጀታ የሚዞር፣ ርካሽነቱ ከቀለሙ የሚታወቅ ብረት ነው። አንዴ ብቻ ከፈጨ የሚወጣው ቅንጬ ነው፤ ዱቄት እንዲሆን እንደገና መመለስ አለበት። ሲዞር ደግሞ ይጮኻል፤ ጩኸቱ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

እኔ ምን አደረግኩ? ገበያ ወጥቼ፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ ጅብ አስረው ስንዴ ያስፈጫሉ አልኩ። በሳምንቱ አገሩ ሁሉ ያንን ይዞ ሳቀ። እሳቸው ጆሮም ደረሰ። ይቆጡኛል ስል ሰው ልከው አስጠሩኝ።

«ጅቡን ያሰርከው አንተ ነህ አሉ፤ በል ና ዝም አሰኘው» አሉኝ።

ቀኑ የሁዳዴ ቅዳሜ ነበር። ማግስቱ የመጋቢት ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩ ተራ የደረሰው ለእሳቸው ነው። እኔም ቤቴ ሄጄ ከኮርቻው ጎን ኩላብ ላይ የተንጠለጠለችውን በጨርቅ የተቋጠረች ቅባት ይዤ መጣሁ። ጠፍር ሲደርቅ የማለሰልስበት የበግ ላት ናት። ላት በእኛ አገር ጓዳ ከተቀመጠ ወጥ ነው፤ ከኮርቻ ጎን ከተንጠለጠለ ግን የጠፍር መድኃኒት ነው፤ ሰው ምግብነቱን ይረሳዋል። እኔም ረሳሁት። ብረቱ የሚዞርበት ቦታ ላይ ሁለት ጣት ሙሉ ለቀለቅኩበት። ወፍጮው ዝም አለ። በምን ቀባኸው ሲሉኝ በጠፍር ቅባት አልኳቸው። አልዋሸሁም።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ያቺ ምርቃት እስካሁን ትቆጠቁጠኛለች።

እሑድ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ መልስ እማማ ቤት ተሰበሰበ። አባ መርስዔ ኃዘን ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። እኔም ጎረስኩ። የመንዝ ሰው ላት አፉ ገብቶ አይስተውም። ቀስ ብዬ ጥግ ወዳለው ወፍጮ ሄድኩና በጣቴ ዳበስኩት፤ ከላቱ ቅንጣት የለም። ስንዴው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ብረቱ ግሎ፣ ላቱ ቀልጦ ዱቄቱ ውስጥ ገብቷል።

አባ፣ ያቁሙ ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ግን ጅብ አሳሪው ራሱ ጅብ ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ፤ ዝም አልኩ። እንዳይጠረጥሩኝ እያልኩ ደግሞ ቁራሽ ጨመርኩ፤ አሁን ሳስበው ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። አባም ጢማቸውን እየጠረጉ እማማን ስንዴውን ከየት እንዳመጡት ጠየቁ። እንዲህ ያለ ዳቦ በጾም መብላት ያሳፍራል ብለው ሰዉን አሳቁት። እማማ ብቻ አልሳቁም።

ከሰኞ ጀምሮ እማማ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይሰግዱ ጀመር። በዚያ ጉልበት! አንዱን ሰግደው ለመነሣት ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ይጨብጣሉ። ወሬኛ አይተኛምና ጎረቤቶቻችን እነ ጥሩሸዋ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ሠርተው ይሆን ይባባሉ ጀመር። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ቀልዱ ከእኔ እንዲመጣ ነው የሚጠብቁት። አልመጣልኝም። እስከ ረቡዕ ራሳቸው ኃጢአት ፈልገው ሰጧቸው፤ ባላቸውን በቁማቸው አስቀይመዋቸው ነበር አሉ። ያሳደገኝ ወሬ ያን ቀን አስጠላኝ።

ሐሙስ እማማ ቤት ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሳቸው እጀታውን ማዞራቸውን አላቆሙም።

«የላት ጣዕም ይጠፋኛል ብለህ ነው?» አሉ።

«ታዲያ የእኔን ኃጢአት ለምን ይሰግዳሉ?»

«ያንተን ማን ሰገደልህ? የመጀመሪያዋ ቁራሽ ያንተ ናት፤ ሳላውቅ ነው የጎረስኳት። እኔ የምሰግደው ለሁለተኛዋ ነው።» እጀታውን አቆሙት። «እሷን አውቄ ነው የጎረስኳት። ጣፈጠችኝ።»

ሰዉ እያማቸው እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ለአባም ለማኅበሩም እውነቱን ልናገር አልኩ። አይሆንም አሉ። «ሳያውቅ የበላ ሰው ሰላሙን ይዞ ይደር፤ አውቆ የበላ ደግሞ መንገዱን አያጣውም። እኔስ መታማት ይገባኛል፤ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳቱት» አሉ።

«ለመሆኑ አንተ ስንት ቁራሽ በላህ?»

«ሦስት» አልኩ።

«ተገኘ» አሉ፣ «ዛሬ ገና ተገኘህ።»

ዓርብ ከጎናቸው ቆሜ መስገድ ጀመርኩ። እኔ ሃያ ስሰግድ እሳቸው ሦስት። ደክሞኝ ቀና ስል ከጥዱ ዛፍ በስተጀርባ ሰው አየሁ፤ አባ መርስዔ ኃዘን ጋቢያቸውን አንጥፈው ብቻቸውን ይሰግዳሉ። ለስንተኛዋ ቁራሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዓይናችን ሲገናኝ ሁለታችንም ወደ መሬት ተመለስን።

ከፋሲካ በኋላ እማማ በአንድ ምርኩዝ መሄድ አልቻሉም፤ ሁለት ሆነ። በእርጅና ነው አለ ሰዉ። እኔ ግን ያችን የሚጨብጧትን ድንጋይ አውቃታለሁ።

ሲያርፉ ወፍጮውን በኑዛዜ ለእኔ ተዉልኝ። ይኸው ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በየቅዳሜው ስንዴ እፈጭበታለሁ። ይጮኻል። ልጆች በደጄ ሲያልፉ፣ ጋሼ ተገኘ ጅብ አስሯል ይላሉ። ባለቤቴ ቀባው እንጂ ትለኛለች።

አልቀባውም።