ዐሥራ ሰባተኛው ቦታ

የኔታ ልሳነወርቅን ለምታውቁ ሁሉ፦ መምህራችን ከዚህ ዓለም ድካም ካረፉ ነገ አርባ ቀን ይሞላቸዋል። ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ሳያወልቁ ነው ያረፉት። ባለቤታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ያንቀላፉ መስሏቸው ጋቢ ደርበውላቸው ነበር። በማግሥቱ በትውልድ ቦታቸው በደብረ ወርቅ ተቀበሩ። በቀብራቸው ላይ ስለ መምህርነታቸው ብዙ ተባለ፤ ተማሪያቸው ነበርኩና ሁሉም እውነት ነው። ስለ ሊጋችን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እኛ አባላቱም በለቅሶ ቤት የኳስ ወሬ ማንሳት አፍረን ዝም አልን። ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ደግሞም ካረፉ በኋላ የሆነውን ለብቻዬ መሸከም ስላቃተኝ ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፋንታሲ በሚባለው ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው በእንግሊዝ ሊግ ከሚጫወቱት መካከል የራሱን ቡድን ይመርጣል፤ የመረጣቸው ልጆች ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ያገኛል። ሌላው ሰው በስልኩ ይጫወተዋል። የኔታ ግን በድቁና አድገው፣ ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ የሒሳብ መምህር የሆኑ ሰው ነበሩና ሊጉን በማኅበር ሥርዓት አቆሙት። አባላቱ ዐሥራ ሁለት፤ ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ እርሳቸው፤ ጸሐፊው እኔ ይበልጣል። የምንሰበሰበው እሑድ ከሰዓት በኋላ በከድር የጨርቅ ሱቅ ጓዳ ነበር። ከድር «ጠላ የሌለበት ማኅበር ስለሆነ ነው የገባሁት» እያለ ያስቀን ነበር።

ደንቡን በደብተር ጻፉት። አንድ ተጫዋች በሁለት ሰው ቡድን አይያዝም፤ የለቀቀው ሰው በጽሑፍ ካስታወቀ ሌላው ይወስደዋል። የቡድን ልክ ዐሥራ አራት ነው፤ ዐሥራ አንዱ ተሰላፊ፣ ሦስቱ ተጠባባቂ። ዝርዝር በወረቀት ተጽፎ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ለጸሐፊው ይደርሳል። ባዶ ቦታ ያለበት ዝርዝር አይመዘገብም። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ አባል ቢሞት ወንበሩን የሚወርሰው ራሱ የመረጠው ሰው ነው ይላል። ይህን ሲያነቡልን ሳቅን፤ በኳስ ጨዋታ የሞት አንቀጽ ምን ያደርጋል? እርሳቸው አልሳቁም። «ሰው እኮ የሚሞተው ሲጫወት ነው፤ ሲሠራማ ጊዜ የለውም» አሉን።

አንድ ጊዜ ሉማሜ ሻይ ቤት ያለው አባላችን ታሞ ተኛ፣ ስልኩም ተዘጋ። የኔታ ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሾርባውን አጠጡት፤ እሱ በቃል እየነገራቸው ዝርዝሩን ጻፉለት፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ላባቸውን እየጠረጉ ደረሱ። በዚያ ሳምንት የሚገጥማቸው ያው በሽተኛ ነበር። አሸነፋቸው፤ እሑድ ዕለት ከሁላችንም በላይ ደስ ያላቸው እርሳቸው ናቸው።

ለራሳቸው ግን አያዝኑም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከዝርዝራቸው አንድ ስም ጎድሎ ባየሁ ጊዜ በዝምታ ላልፈው ስል ደብተሩን ከእጄ ወሰዱና «አልተመዘገበም» ብለው ራሳቸው ጻፉበት። «ይበልጣል፣ ደንብ ለሙሴ ካጎነበሰ ለሌላው ይወድቃል።»

እኔና ከድር ትምህርት ቤት ሳለን ያደርጉት የነበረውንም ልንገራችሁ፣ ኋላ ይመጣልና። ከበድ ያለ ጥያቄ ሲሰጡን መልሱን በመሥሪያው ቦታ ላይ በእርሳስ ይጽፉና በላጲስ ያጠፉታል። ወረቀቱን ሲያድሉን «መልሱ እዚያው አለ፤ ድረስበት» ይሉናል። አጠፋፋቸው የዋዛ አልነበረም፤ ዓይናችን እስኪፈስ ብናፈጥ የሚታይ ነገር የለም። ሠርተን ስንጨርስ ወደ መስኮት ወስደው ብርሃን ላይ ያነሱታል፤ ያኔ የእርሳሱ አሻራ ከጻፍነው ሥር ብቅ ይላል። የደረሰበት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲኩራራ ይሰነብታል።

አሁን ወደ ጠባችን ልምጣ። የቡድኑ ልክ ከዐሥራ አራት ወደ ዐሥራ ሰባት ይደግ ያልኩት እኔ ነኝ። ጉዳት ሲበዛ ሦስት ተጠባባቂ አይበቃም፤ ማንም የማያውቃቸው ጀማሪዎችም ቦታ ያግኙ አልኩ። የኔታ አልወደዱትም። «ዐሥራ ሁለት ሰው ዐሥራ ሰባት ሰባት ከሰበሰበ ለተሸነፈው ምን ይቀርለታል? ደህና ደህናው ሁሉ በሰው ጓዳ ተቆልፎ ይቀመጣል» አሉ። እኔም ለምሳሌ ብዬ የአንድ ክለብ ሦስተኛ በረኛን ስም ጠራሁ፤ አንድም ቀን ተሰልፎ የማያውቅ ልጅ ነው። «በረኛ ሆኖ በር ያላየ!» ብለው ሳቁ፤ ቤቱም አብሮ ሳቀ። ደሜ ፈላ። «የኔታ፣ ዘመኑ አልፎብዎታል» አልኳቸው፣ በዐሥር ሰው ፊት።

ድምፅ ተሰጠ፤ ሰባት ለአምስት አሸነፍኩ። አዲሱ ልክ ከስድስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ እንዲጸና ተወሰነ። የኔታ ደብተሩን ዘግተው ሰጡኝና «እንግዲህ ጸሐፊው ይጠብቀው» ብለው ሻያቸውን ሳይጠጡ ወጡ። በአራተኛው ቀን ሐሙስ አረፉ። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ሰኞ እሄዳለሁ አልኩ፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ አልኩ፣ አልሄድኩም።

ከቀብር መልስ ቅዳሜ ዕለት በስማቸው አንጻር «የለም» ብዬ ልጽፍ ከድር ሱቅ ተቀምጫለሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ጥቁር እንደለበሱ ገቡና ፖስታ ዘረጉልኝ። በላዩ «አንደኛ ቅዳሜ» የሚል አለበት፤ በየኔታ የእጅ ጽሑፍ።

«ሐሙስ ጠዋት ስድስት ፖስታ ሰጡኝ» አሉ። «በየቅዳሜው አንድ አንድ ለይበልጣል ስጪው አሉኝ። እንዴ፣ የት ሊሄዱ ነው? ብላቸው፣ የትም አሉኝ።»

ዐሥራ አራት ስም ነበረበት፤ መዘገብኩት። ከድር «ደብረ ወርቅ ሱባኤ ሊገቡ አስበው ይሆናል፤ እዚያ ሆነው እንዳይጎድሉብን ነዋ» አለ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበርና ሁላችንም ያዝነው። ሁለተኛውም ፖስታ በሰላም አለፈ።

በሦስተኛው ፖስታ ውስጥ ዘጠነኛው ስም የከድር ተጫዋች ሆኖ አገኘሁት። አይመዘገብም ብዬ ብዕሬን ሳነሳ ከድር እጄን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ትናንት ለቅቄዋለሁ» አለኝ፤ ገና ያልሰጠኝን የመልቀቂያ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ወላሂ ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም።»

ፖስታው ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርገን ስሙን አመሳከርን፤ መዘገብኩት። ከዚያ በኋላ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ቦታ ሲጠብ ሰው ይቆማል እንጂ። በአምስተኛው ፖስታ ዋና አጥቂያቸውን ወደ ተጠባባቂ አውርደውት ነበር፤ አጥቂው በዚያው ቀን ሲያሟሙቅ ተጎድቶ ቀረ። አንዱ አባላችን «አበስኩ ገበርኩ! ሙት እንዴት ይጫወታል? ይሰረዙ እንጂ» አለ። ግን የሚሰርዝ አንቀጽ የለንም፤ ወንበራቸውን ማን እንደሚወርስም አልነገሩንም። ሁለት ሰዎች እሑድ መምጣት ተዉ።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ስድስተኛው ፖስታ አዲሱ ልክ የሚጸናበት ነው። ውስጡ ዐሥራ አራት ስም ካለ የኔታ እንዳዘኑብኝ ሞተዋል ማለት ነው፤ በራሴ ደንብ፣ በራሴ እጅ «አልተመዘገበም» ልልባቸው ነው። እንቅልፍ አጣሁ። ረቡዕ ዕለት እትዬ ማንጠግቦሽ ዘንድ ሄጄ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው።

«ቅዳሜ ነው ያሉት» አሉኝ። «እኔ ያሉኝን ነው የምፈጽም። ታገሥ ልጄ።»

ትናንት ስድስት ሰዓት ሊሞላ ዐሥር ደቂቃ ሲቀር መጡ። ፖስታውን ቀደድኩ። ቆጠርኩ። ዐሥራ አራት አይደለም። ተራ ቁጥሩ ዐሥራ ሰባት ደርሷል፤ ስሞቹ ግን ዐሥራ ስድስት ናቸው። የዐሥራ ሰባተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከግርጌው «ይህን ይበልጣል ይሙላው፤ ወንበሬም የእሱ ነው» ይላል።

ባዶ ቦታ ያለበት ዝርዝር አይመዘገብም። ጊዜም የለም። ለማሰብ እንኳ ሳልቆም የዚያን ሦስተኛ በረኛ ስም ጻፍኩ፤ ማንም አልያዘውም ነበር። ከድር ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ወደ ሱቁ በር ሄደና ብርሃን ላይ አነሳው። ከዚያ በእጁ ጠራኝ። ከብዕሬ ቀለም ሥር የጠፋ የእርሳስ አሻራ ነበር፤ ያው ስም፣ ፊደል በፊደል።

እትዬ ማንጠግቦሽ አልደነቃቸውም። «ሐሙስ ጠዋት እርሳስ ሲቀርጹ አይቻቸዋለሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

የኔታ፣ የከድርን ተጫዋች እንዴት እንዳወቁ አልጠይቅዎትም፤ መልሱንም መስማት የምደፍር አይመስለኝም። ሰባተኛ ፖስታ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሆኖም ከእንግዲህ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ በሩ ማየቴ አይቀርም። በሰው ፊት ስለተናገርኩዎት ክፉ ቃል ይፍቱኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወንበርዎ ላይ እቀመጣለሁ፤ እየፈራሁ ነው፣ ግን እቀመጣለሁ። ያ ልጅ ትናንትም አልተሰለፈም፣ አንድም ነጥብ አላመጣልዎትም። ቦታው ግን ባዶ አይደለም። ደረስኩበት፣ የኔታ። በሰላም ይረፉ።