ጉበታችን በሙሉ ድምፅ ጸደቀ

ዛሬ ጠዋት ጳውሎስ አካባቢ ክሊኒክ ወረፋ ይዘን፣ ጉበታችንን በድምፅ ብልጫ ልናድን ነበር!

ሐኪሙ ለእኛ ለሄፓታይተስ ቢ በሽተኞች «ሥር ለሰደደው ዓይነት ውጭ አገር አዲስ መርፌ እየተሞከረ ነው፤ ገና ነው፤ ክትትላችሁን ግን አታቋርጡ» ብሎን ገባ።

ወዲያው የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሊቀመንበር፣ እሱም እንደኛው በሽተኛ፣ ብድግ ብሎ አጀንዳ አስያዘ።

«ጓዶች፣ የኢምፔሪያሊስት መርፌ አንጠብቅም!» አለና ከካፖርቱ ኪስ የተወቀጠ ሥር ያለበት ጠርሙስ አወጣ። «ይሄ ጉበት ያጥባል። የምትደግፉ እጅ አውጡ!»

አወጣን። (እጃችን ከጆሯችን ይቀድማል፣ ምን ይደረግ።)

ጠርሙሱ ሆዳቸው ለተነፋው ለሽሮ ሜዳው ሸማኔ ለጋሽ ዋዳ ተሰጠ። «ክትትሉን ትቼ ይሄን ልጠጣ እንዴ ልጄ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የማሻሻያ ሐሳብ አለኝ። ግንባር ቀደሙ እርስዎ ስለሆኑ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱልን!»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሊቀመንበሩ ጠርሙሱን አየ፣ እኛን አየ። «እ... ማለቴ... ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾም ላይ ነኝ።»

ባለፈው ሳምንት «ጾም የኋላ ቀሮች ነው» እያለ ሁለት ሰዓት ያደረቀን እኮ ይኸው ሰውዬ ነው!

ጋሽ ዋዳ ጠርሙሱን አጥሩ ሥር ደፉት። «ጾምዎን ይቀበልልዎ ጓድ» ብለው ካርዳቸውን ይዘው ወደ ሐኪሙ ገቡ።

እናንተ ሰፈርስ በስብሰባ የታከመ አለ? አውሩኝ፤ ቃለ ጉባኤ አልይዝም።