በስሱ የተመታ ሲምባል

ድራመሩ ከጠዋት ጀምሮ የሚያስበው የማታውን ልምምድ ነው። የባንዱ መሪ ትናንት በልምምድ ላይ ሲምባሉ በተመታ ቁጥር ዞር እያለ ሲያየው ቆይቶ፣ ዕቃ ሲሰበሰብ «የድስት ክዳን ነው እንዴ የምትደበድበው? ነገም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እናያለን» ብሎታል። ሰውየው ሲጮህ ምንም አይደለም፤ የሚያስፈራው ቀስ ብሎ ሲናገር ነው። ትናንት የተናገረው ቀስ ብሎ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ድራመሩም የማታው ልምምድ እስኪደርስ መኝታ ቤቱ ጥግ የተከለው የኤሌክትሮኒክ ድራም ላይ ተደፍቶ ዋለ። ሲምባሉ ላይ ጨርቅ አሰረ፣ ፈታ። ድምፅ የሚያወጣውን ሳጥን፣ ያንን ወደ ልምምዱ አዳራሽም በቦርሳ እየያዘ እዚያ ካለው ድራም ጋር የሚያገናኘውን፣ ሲነካካ ሲለዋውጥ ቆየ። ያው ነው። ቀስ አድርጎ ቢነካውም ጠንከር ቢያደርገውም በጆሮ ማዳመጫው የሚመለስለት ያው ድርቅ ያለ «ጫ!» ነው። የዕድሜ ልክ ሙያው በአንድ የላስቲክ ሳህን ሊሄድበት ነው።

መውጫው ሲቃረብ ነው ትዝ ያለው። አማቱ ኦፕሬሽን ተደርገው ሊያገግሙ ከቀጣዩ ክፍል የተኙ ቀን፣ ዱላው ላስቲኩን ሲመታ እንዳይረብሻቸው ብሎ ሳጥኑ ትንሿን ንክኪ እንኳ እንደ ትልቅ ምት እንዲቆጥር አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌባ እየዳሰሰ ነው የሚለማመደው። ለስሱም ለብርቱውም አንድ መልስ የሚሰጥ ሳጥን ምን ለዛ ይኖረዋል!

ወደ ነበረበት መለሰው። ግን ለመስማት መምታት አለበት፣ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። በዚያ መሪው፣ በዚህ አማቱ። ዱላውን አነሳ። በስሱ ሲነካው ሲምባሉ አንሾካሾከ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሙሉ ክንዱን ለቀቀበት፤ ድምፁ ተዘርግቶ ቆይቶ ጠፋ። ላስቲኩ ግን ግድግዳውን ዷ አደረገው።

«አንተ ልጅ!» አሉ አማቱ ከማዶ።

የፈሩት ይደርሳል። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ በራቸው ላይ ቆመ።

«ይቅርታ እማማ፣ ረበሽኩዎት።»

«ድራም ነው ይሄ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ኳ ኳ የሚለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ። እንዳልቀሰቅስዎት ብዬ ነው።»

«ወይ አንተ! በር የሚያንኳኳ ሰው እየመሰለኝ፣ ማነው ማነው ስል እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ እኮ። በል እንደ ሰው ምታው፣ ልተኛበት።»

ተመልሶ መታ። ማዳመጫውን ሲያወልቅ የአማቱን ማንኮራፋት ሰማ። ሳጥኑን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ።

ማታ በልምምዱ ላይ መሪው አንዴም ዞር አላለም። ድራመሩ ግን እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ የሰውየውን ማጅራት እያየ ነበር የመታው።