ሚስማር ሚስማር የሚል መድኃኒት

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ የጎረቤታችን የጭቃ ግድግዳ ሸተተኝና አፌ ምራቅ ሞላ። አትሳቅ፣ የምነግርህን ዝም ብለህ ጻፍ። ልጅ ሆኜ ያ ሽታ ከመጣብኝ አያስችለኝም ነበር። ከባሮ ዳር የደረቀ ጭቃ እየሰበርኩ፣ ከቤታችን ግድግዳ እየፈረፈርኩ እበላለሁ። እናቴ ግድግዳውን በርበሬ ቀባችው፤ በርበሬውን ጠርጌ በላሁ። የሰፈር ልጆች ምስጥ ይሉኝ ነበር። «ምስጥ መጣች፣ ቤታችሁን ደብቁ!»

በኋላ መሮጥ አቃተኝ። ልጆቹ ወንዝ ሲወርዱ እኔ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። ከንፈሬ አመድ መሰለ። እናቴ ከኔ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች፤ እሱም እንደዚሁ ነጥቶ ነበር። ፈራችና ጋሼ ታደሰ ዘንድ ወሰደችኝ።

ጋሼ ታደሰ ከደጋ የመጣ የክሊኒካችን ድሬሰር ነበር፤ መርፌ ወጊውም መድኃኒት ሰጪውም እሱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ቁምጣ የማይለየው፣ እጁ ሁልጊዜ አልኮል አልኮል የሚሸት። በኛ በአኙዋክ ቋንቋ ሲያወራ እናቶች አፋቸውን ይዘው ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። የዓይኔን ሥር ሳብ አድርጎ አየና ደም አንሷታል አለ። በቢራ ጠርሙስ ቡናማ መድኃኒት ቀድቶ ሰጠን። ሚስማር የላስክ ነው የሚመስልህ። ከላዩ ማንጎ ምጠጪበት አለኝ፤ ለማንጎው ብዬ ዋጥኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። እናቴ ስታይ ጮኸች። የልጄ ሆድ ውስጡ ተቃጥሏል፣ ይሄ ደገኛ ሊገድልብኝ ነው ብላ ጠርሙሱን ጣራው ሳር ውስጥ ሸጎጠችው። እኔም ወደ ግድግዳዬ ተመለስኩ።

ጋሼ ታደሰ ወሬው ደረሰውና ቤታችን መጣ። መጥቆር የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ቢላት አላመነችውም። አልተቆጣም። ጠርሙሱን አስወረደና በማንኪያ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለኔ ቀዳ።

«የአሪየት እናት፣ ከሞተችም አብረን ነው የምንሞተው» አላት።

በማግስቱም መጥቶ አብሮኝ ጠጣ፣ በሦስተኛውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ላይ እናቴን ከደጅ ጠራትና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ነይ፣ የኔንም እይልኝ» አላት።

እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከቤቱ ጀርባ ሄደች። ስትመለስ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። «ከሰል ነው» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፣ «ያንቺው ከሰል!» ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን በገዛ እጇ አጠጣችኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ከልጆቹ ጋር ባሮ እወርድ ጀመር።

ጋሼ ታደሰን ወደ መቲ አዛወሩት። ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ እንኳ አላውቅም። ሌላ ድሬሰር መጣ፣ ከሱም በኋላ ሌላ። ግን መድኃኒቱ የልጇን ሰገራ ያጠቆረባት ሴት ሁሉ ክሊኒክ አትሄድም፣ እየሮጠች እናቴ ዘንድ ነው የምትመጣው። እናቴ ካረጀች በኋላም፣ ዓይኗ ጠፍቶ እንኳ፣ ከተኛችበት ቀና ትልና እንዲህ ትላቸው ነበር፦

«አጠጪው፣ አትፍሪ። እኔ የድሬሰሩን አይቻለሁ።»