በርሜሉ ላይ የተቀመጠችው መምህርት

ሸፋሊ ኻቱን አራተኛ ክፍልን ስታስተምር እኔ በዚያው በሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት ከጎኗ ሦስተኛን አስተምር ነበር። የሚለየን የቀርከሃ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ትምህርቷን ሁሉ እሰማለሁ። የአጥማጅ ልጅ ናት። ተማሪዎቿ አፓ ይሏታል፣ እንደ ታላቅ እህት። ከእናቶቻቸው ማድቤት በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡላትን ዓሣ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋና፣ «ይሄ ማነው? የት ነው የሚፈለፈለው? ለምን አነሰ?» ትላቸዋለች። እንቁላል ያዘለች ዓሣ ይዞ የመጣ ልጅ አባቱን ይጠራል። አባቶቹ እየሳቁ ይመጣሉ፤ የነገውን ዓሣ ከነእንቁላሉ እየጨረሱ መሆኑን ከእሷ ሰምተው ሲመለሱ ግን አይስቁም።

ያን ዓመት ከወረዳ አንድ ሹም «የአገራችንን ዓሣ እንታደግ» የሚል ጨርቅ አስይዞ መጣ። ልጆቹን ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ካስቆመ በኋላ፣ ሐይቁ ውስጥ ሊደፋ በበርሜል የዓሣ ጫጩት አስቀረበ፤ ማጉር ነው አለ፣ የአገራችን አምባዛ። ሞይና የምትባል የሸፋሊ ተማሪ አጎንብሳ አየች።

«አፓ፣ ይሄ የኛ ማጉር አይደለም። ቆዳው ዥንጉርጉር ነው።»

ሸፋሊ አንዱን አፈፍ አድርጋ አወጣች። ከአፍሪካ የመጣው አምባዛ ነው፤ የአገሩን ዓሣ ጠርጎ ስለሚበላ እንዳይረባ በሕግ የተከለከለው። ሕጉንም ለሹሙ አስታወሰችው።

«ማጉር ማጉር ነው» አለ ሹሙ፣ ዓይኑን ፎቶ ሊያነሳው ከመጣው ሰው ካሜራ ሳይነቅል። «አንቺ ፊደል አስቆጥሪ፤ ዓሣውን ለእኛ ተዪው።»

«የነገረችዎት እኮ ፊደል የቆጠረችው ናት።»

ይህን ብላ ክዳኑን ገጠመችና በርሜሉ ላይ ቁጭ አለች።

ርዕሰ መምህሩ ጠጋ ብለው፣ «እባክሽ ሸፋሊ፣ ልጆች አሉሽ» አሏት።

«ስላሉኝ ነው።»

ተማሪዎቹ ሰልፉን ትተው ከበቧት። እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ አያለሁ።

ሹሙ በመጨረሻ እዚያ መድፋቱን ትቶ በርሜሉን አስጭኖ ሄደ። የት እንደደፋው የጠየቀው የለም። በወሩ በታችኛው መንደር መረቦች ዥንጉርጉሩ ይወጣ ጀመር። ሸፋሊ ግን «ዝግጅት አውካለች» ተብላ በጀልባ ግማሽ ቀን ወደሚያስኬድ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ሕግ የጣሰው በወንበሩ አለ፤ ሕግ ያስታወሰችው ከቦታዋ ተነቀለች።

ክፍሏን ለእኔ ሰጡኝ። በመጀመሪያው ቀን ሞይና እጇን አወጣች።

«መምህር፣ እርስዎ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

በምሳ ሰዓት ያየሁትን ሁሉ ጽፌ ስሜን ፈረምኩና ለወረዳው ላክሁ። መልስ የለም። አሁን ሦስተኛውን ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው፤ ይህኛውን የምጽፈው ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ጋር ነው፣ ሞይና ደግሞ ስለ ዓሣው ቆዳ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አርማልኛለች።